አያ ደምሴ የደፈኗት ቀዳዳ

ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት ቀዳዳ እየበሳሁ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ልጆቼ እንኳ ከሰው ሲያስተዋውቁኝ «አባታችን መካኒክ ነበር» ይላሉ እንጂ ቀዳዳዋን አያነሷትም። መካኒክስ አልነበርኩም። ሞተር ፈትቼ አላውቅም፤ ከመኪና ሆድ ሥር የገባሁትም የወደቀብኝን ካቻቢቴ ፍለጋ ነው። የኔ ሥራ የመኪና የፊት መብራት ነበር፤ ያውም ላብ የሚያልበው፣ ጤዛ የሚይዘው፣ ውሃ የሚቋጥር መብራት። ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጉም ውስጥ የሚገባ መኪና መብራቱ ካላበው፣ ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ቢነዳ ያው ነው።

ሥራዬን ያቆምኩት ዓይኔ ስለ ደከመ ነው። ሐኪሙ በትንሽ ባትሪ እያበራ አየኝና «ምን ይታይዎታል?» አለኝ። «መስታወቱ ውስጥ ጤዛ» አልኩት። እሱ አልገባውም፤ አጠገቤ የቆመችው ልጄ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። አልከፋኝም። ጠግቤ ሠርቻለሁ፣ ጠግቤም ስቄአለሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ከአንድ ወዳጄ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። የማውቀው ሹፌር ሲያልፍ መኪናውን ያቆምና «አባ እንድሪስ፣ እስቲ ይችን ይንኩልኝ» ይለኛል። እጄን ከመብራቱ ሥር አስገብቼ እዳብሳለሁ። ለዚህ ሥራ ዓይን አያስፈልግም።

ብዙ አለቃ አይቻለሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገድ ሥራ ገባሁ፤ እዚያ አለቃችን መኪና ሲበላሽ ተበላሸ ተብሎ እንዳይጻፍ «ዐርፏል» ብላችሁ ንገሩኝ የሚል ሰው ነበር። ቀጥሎ ለአንድ የአውቶቡስ ባለቤት ሠራሁ፤ ደግ ሰው፣ ግን ደመወዝ ቀን ራሱን ያመው ነበር። በመጨረሻ የራሴን ደሳሳ ሱቅ ከፈትኩ። ከእነዚህ ሁሉ የተማርኩት የለም አልልም። ሙያዬን ግን ያገኘሁት ከአንድ ሰው፣ በአንድ ክረምት ነው። ስለዚያ ክረምት ነው የማወራው።

አያ ደምሴ በደሴ የታወቁ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። ባልዲ፣ ኩራዝ፣ የወተት ጣሳ፣ የጋዝ መቅጃ ይሠራሉ። እኔ የሐርቡ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ጎረምሳነቴን ጨርሼ በሰው አህያ ጭነት ወደ ደሴ አመላልስ ነበር። አንድ የገበያ ቀን የጫንኩት የማር ጣሳ ሥሩ ተቀደደና ማሩ በመንገዱ መንጠባጠብ ጀመረ። ጣሳውን ታቅፌ ያገኘሁት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። አያ ደምሴ ቀና ብለው ጣሳውን እንጂ እኔን አላዩም።

«ማን ነው ይህን የሠራው?» አሉ።

«እኔ እንጃ አያ፣ የሰው ጭነት ነው።»

«እኔ አይደለሁም። የኔ አያፈስም።»

ማሩን ወደ ባልዲ ገልብጠው ጣሳውን በየዱት። ሲበይዱ ጣሳውን እኔ ያዝኩላቸው። እርሳሱ ሲቀልጥ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ጋለብኝ፤ ግን ብለቀው የሚቆጡ መሰለኝና ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። ሲጨርሱ መዳፌን ገልብጠው አዩትና «አህያዋ ያንተ ናት?» አሉኝ። አይደለችም አልኩ። «እንግዲያ ለባለቤቷ መልስና ና» አሉኝ። የቅጥር ነገር በዚህ አለቀ።

«የኔ አያፈስም» ያሉት ጉራ አልነበረም። በደሴ ምሥጢር የማያወጣ ሰው ሲገኝ «እሱ የደምሴ ባልዲ ነው» ይባል ነበር። አንድ ዕቃ ሠርተው ሲጨርሱ መሬቱ ላይ ደረቅ አመድ ይነሰንሳሉ፤ ባልዲውን ውሃ ሞልተው አመዱ ላይ ያስቀምጡና ምሳቸውን ይበላሉ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ምሳ የለም፤ ጾማቸው እስኪፈታ ባልዲው ይጠብቃል። ከዚያ ባልዲውን አንስተው አመዱን ያዩታል። አንዲት የረጠበች ነጥብ ካገኙ አይጠግኑትም፤ ሙሉውን ፈትተው እንደገና ይሠሩታል። «የተጠገነ ባልዲ የተጠገነ መሆኑን አይረሳም» ይላሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። እርሳስ ሲቀልጥ አይናገሩም፣ ትንፋሻቸውንም ይይዛሉ። የሶላቴ ሰዓት ሲደርስ ከኔ በፊት የሚያስታውሱት እርሳቸው ነበሩ። «እንድሪስ፣ ሰዓትህ ደርሷል። ሂድ ስገድ፣ ቆርቆሮው የትም አይሄድብህም።» መኪና ላይ ደግሞ አይሳፈሩም። ደሴ መኪና ከሞላ በኋላ እንኳ ኮምቦልቻ በእግራቸው ወርደው በእግራቸው ይወጣሉ። ለምን ሲባሉ «ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳገት መውጣት ደስ አይልም» ይላሉ። ፈርተው ነው የሚሉ ነበሩ፤ እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ከአሰብ ዕቃ የሚያመጡት ካሚዮኖች ኮምቦልቻን ሞሏት። ከባለቤቶቻቸው አንዱ የሆነ የጭነት ድርጅት እዚያ ትልቅ ጋራዥ ሠራ። የጋራዡ አለቃ ጣሊያን ነበር፤ ስሙን ማንም አይጠራም፣ ሁሉም ካፖ ይለዋል። ቆርቆሮ ሠሪ ሲፈልግ አያ ደምሴን ጠቆሙት። አያ ደምሴ መጀመሪያ «ለጠላት አልሠራም» ብለው መለሱት። በኋላ ግን ከተማ ውስጥ የነበረውን ቆርቆሮና እርሳስ ሁሉ ጋራዡ ሰበሰበውና ሱቃችን ባዶ ቀረ። ባዶ ሱቅ ውስጥ ጥቂት ሰነበቱና አንድ ጠዋት መበየጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው «ተነስ» አሉኝ። ዕቃውን በአህያ ጭነን በእግራችን ኮምቦልቻ ወረድን።

ክረምት ሲገባ የመብራቱ ነገር መጣ። የዚያን ጊዜ የካሚዮን የፊት መብራት ትልቅ ነው፣ የሰው ራስ ያህላል። ከፊት መስታወት፣ ከውስጥ ብር የተቀባ ጎድጓዳ ሳህን፣ መሃሉ ላይ አምፖል፣ ከኋላ የቆርቆሮ ቤት። መስታወቱና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ላይ የጎማ ቀለበት አለ፤ ጋራዡ ውስጥ ጓርኒሲዮን ይሉታል። የአሰብ በረሃ ያንን ጎማ አድርቆ ሰነጣጥቆት ይመጣል። ኮምቦልቻ ሲዘንብ፣ ሐረጎ ላይ ሲበርድ፣ መስታወቱ ከውስጥ ነጭ ይሆናል። ሹፌሮቹ ወርደው በእጅጌያቸው ይወለውሉታል፤ ጤዛው ግን ከውስጥ ነው፣ እጅጌ ምን ያደርጋል።

ካፖ መብራቶቹን ለእኛ ሰጠን። አያ ደምሴ የመጀመሪያውን ፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እያገላበጡ አዩት። ብሩን ሳህን መወልወል እንደማይቻል የተማርነው አንዱን አበላሽተን ነው። ጨርቅ ነካ ስናደርገው ብሩ ተላጠና ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ የዝናብ ውሃ አፍስሰን እናለቀልቀዋለን፣ ደፍተን እናንጠባጥበዋለን፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ ያደርቀዋል። ጥላ ውስጥ ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ቀን ሳህኑን ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጌ አስቀመጥኩትና ዘወር አልኩ። ጨረሩን ሰብስቦ አጥር ላይ የተሰጣውን የአያ ደምሴን ኩታ ለኮሰው። እርሳቸው ጭሱን አይተው ሮጠው መጡና ኩታውን በእግራቸው ረግጠው አጠፉት። ከዚያ ሳህኑን አንስተው በአድናቆት እያገላበጡ «ይህ ነገር ደህና ሥራ ነው» አሉ። ያቺን የተቃጠለች ኩታ እስከ መጨረሻው ለብሰዋታል፤ ሥራ ላይ ስዘናጋ በቀዳዳዋ ጣታቸውን አሳልፈው ያሳዩኝ ነበር።

በተሰነጠቀው ጎማ ፋንታ ለስላሳ ቆዳ በልኩ ቆርጠን በሰምና በሞራ ነክረን አስገባን። ይህ የራሳቸው ፈጠራ ነው፣ ካፖም ወደደው። ከዚያ ቆርቆሮውን ከሥሩ ሲያጸዱ የደረቀ ጭቃ አገኙ። በወስፌ ሲፍቁት ጭቃው እንደ ፍልፈል አፈር ወጣና ከሥሩ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ታየች።

«እይ» አሉኝ። «እነዚህ ሰዎች ቀዳዳ ረስተዋል።»

ሁለተኛውን አየን፤ እዚያም አለች። ሦስተኛውም ላይ አለች።

«ሁሉም ላይ ረሱ?» አልኩ።

«አንዱ ሞኝ አጉድሎ ቆረጠ፣ ሌላው ያንን ልክ አድርጎ ተከተለው» አሉ። «ውሃው በየት እንደሚገባ ዛሬ ታወቀ።»

እኔም አመንኩ። ከሥር ጎን ያለ ቀዳዳ፣ መንኮራኩር ጭቃና ውሃ የሚረጭበት ቦታ፣ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ባልዲ የሚሠራ ሰው ቀዳዳ አይቶ ዝም ቢል ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። አያ ደምሴ ትንፋሻቸውን ይዘው እርሳስ ጠብ አደረጉባት፣ እኔ በሞረድ አለሳለስኳት። እንደ ባልዲ አመድ ላይ ልንፈትነው ባንችልም ጉንጫቸውን አስጠግተው ከኋላ እፍ በል አሉኝ። ትንፋሽ አላለፈም። «አያፈስም» አሉ።

አሁን ስለ ሰይድ ልናገር። ሰይድ የታላቅ እህቴ የዘሐራ ባል ነው። ዘይት በመቀባት ጀምሮ፣ ጎማ በማንከባለል ከርሞ፣ ከስንት ልመና በኋላ የአንዲት ካሚዮን ቁልፍ የተሰጠው ሰው ነው። የሹፌሮቹ ቁልፍ ካፖ ክፍል ውስጥ በሚስማር ላይ ይሰቀላል። ጠዋት ሹፌሩ ገብቶ ከሚስማሩ ያነሳል፤ ካፖን ያስቀየመ ሹፌር ግን «አትንካ» ይባላል፣ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ በዚያው ቀረ ማለት ነው። እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰይድ ከዚያ ቁልፍ ሌላ መሬትም ከብትም የለውም።

ካሚዮኗን ደግሞ ከልክ በላይ ይወዳት ነበር። ቦርከና ወንዝ ያወርዳትና እስከ አፍንጫዋ ያጥባታል። ካፖ ይህን ያውቃል። የሰይድ መብራት አልቦት በተገኘ ቁጥር «አንተ ወንዝ ውስጥ ትገባለህ፣ መብራት ይጠጣል» ይለዋል። በመጨረሻ ጠርቶ «አንድ ጊዜ ደግሞ ውሃ ካየሁ፣ ቁልፍ ሚስማር ላይ ይቀራል» አለው። ሐርቡ ያለችው አክስቱ ይህን ሰምታ ክታብ አስጽፋ ላከችለትና መብራቱ አንገት ላይ አሰረው። ክታቡም በስብሶ ወደቀ።

ሰይድ ከካፖ ክፍል እንደወጣ በቀጥታ እኛ ጋ መጣ።

«አያ ደምሴ፣ የእርስዎ አያፈስም ይላሉ» አለ። «ወላሂ፣ ወንዝ ከገባሁ ሰነበትኩ። ግን ማን ያምነኛል? ይችን መብራት ይድፈኑልኝ። የሚደፍኑልኝ ቤቴን ነው።»

አያ ደምሴ ቀና ብለው አዩት። «ቁጭ በል» አሉ። «በመድኃኔ ዓለም፣ ጠብታ አይገባባትም።»

እንደዚያ ቀን ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ቆዳውን ሁለት ጊዜ ነከሩት። ሽቦው የሚገባበትን በሰም ደፈኑት። የሥሯን ቀዳዳ እርሳስ ላይ እርሳስ ደረቡባት። ሰይድ እጃቸውን ሊስም ሲል ቆጣ ብለው አባረሩት። ለጥቂት ቀን መብራቶቹ እንደ አዲስ ብልጭ አሉ፤ ሰይድም በጋራዡ በር ባለፈ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋልን ነበር።

ከዚያ ዝናቡ በረታ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰይድ ጨው ጭኖ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ላይ ጉም ዋጠው። መብራት አበራ። መብራቱ ለአፍታ በራና ነጭ ሆነ፤ ሁለቱም እንደ ሽማግሌ ዓይን ፈዘዙ። በዚያ ሰዓት ከኮምቦልቻ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ በመንገዱ ዳር ይወጡ ነበር። ሰይድ ያያቸው የመጨረሻዋ አህያ ጭራ ዘንድ ሲደርስ ነው። መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጠመዘዘና ካሚዮኗ ቦይ ውስጥ ገብታ በግራ ጎኗ ከአለት ጋር ተላተመች። ሰው አልሞተም፣ አህያም አልሞተም። የሰይድ ግንባር ተሰነጠቀ፣ የእጁ አንጓ ዞረ፣ ጨውም ዝናብ መታው። ካፖ ወሬው ሲደርሰው የሰይድን ቁልፍ አስመጥቶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። «እኔ ነግሬዋለሁ» ብቻ ነው ያለው።

እህቴ ቤት ስንሄድ ዘሐራ አላለቀሰችም። ለአያ ደምሴ መቀመጫ ሰጠቻቸውና «አብሽሩ አያ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የአላህ ሥራ ነው» አለቻቸው። ከስድብ የከፋው ይህ ነበር። አያ ደምሴ የቀረበላቸውን ሳይነኩ ወጡ። እኔም እህቴን ትክ ብዬ ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት ካሚዮኗ ወዳለችበት በእግር ወጣን። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጥታለች። ግራው መብራት ከአለቱ ጋር ተጋጭቶ ቆርቆሮው ከሥሩ ተቀዷል፣ ጣት ያስገባል። ቀኙ ምንም አልሆነም፤ ጭረት እንኳ የለውም። አያ ደምሴ መጀመሪያ ወደ ደህናው ሄዱ። መስታወቱ ውስጥ ውሃ እስከ ወገቡ ቆሟል። መብራቱን ነቅነቅ ሳደርገው ውሃው ውስጥ ለውስጥ ይዋዥቃል። ከዚያ ወደ ተሰበረው ዞሩ። የተሰበረው ደረቅ ነው። መስታወቱ ጥርት ብሎ፣ ሳህኑ እያበራ፣ የራሳቸውን ፊት አሳያቸው።

ወደ ቀኙ ሄዱ፣ ወደ ግራው ተመለሱ፣ እንደገና ወደ ቀኙ ሄዱ። በመጨረሻ የቦዩ ዳር ላይ ተቀመጡና ጠሩኝ።

«እንድሪስ፣ የተሰበረው ለምን ደረቀ?»

«በቀዳዳው ፈሶ ነዋ።»

«ደህናውስ ለምን ሞላ?»

እርሳቸው ራሳቸው መለሱት።

«መብራት ሲበራ ይግላል፣ አየሩ ያብጣል፣ ባገኘበት ይወጣል። ሲጠፋና ሲበርደው መልሶ ይስባል። በሽቦው በኩል ይሁን በቆዳው፣ ከእርጥቡ አየር ጋር ጥቂት ይጠጣል። የጠጣውን የሚያወርድባት ያቺ የሥሯ ቀዳዳ ነበረች። ጭቃ ደፈናት፣ መብራቶቹን አላባቸው። እኛ ጭቃውን ፍቀን ብንተዋት ይበቃ ነበር። በእርሳስ ደፈንኳት።» ወደ ቀኙ መብራት እያዩ «ባልዲ መሰለኝ» አሉ።

ወስፌያቸውን ከወገባቸው አወጡ። ከቁጥቋጦ ሥር ደረቅ እንጨት ለቅሜ እሳት አነደድኩላቸው። ወስፌዋን አግለው ከቀኙ መብራት ሥር ተንበረከኩና የራሳቸውን እርሳስ፣ ያንን እርሳስ ላይ እርሳስ፣ ወጉት። ሲወጉ ትንፋሻቸውን አልያዙም፤ ይልቁንም በኃይል ሲተነፍሱ ሰማኋቸው። ውሃው እጃቸው ላይ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። እጃቸውን አላነሱም፣ እስኪያልቅ ጠበቁት።

ከዚያ እንደመጣን ወርደን ካፖ ክፍል ገባን። አያ ደምሴ ባርኔጣ ስለሌላቸው ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ቆመው ተናገሩ። «ሰይድ ወንዝ አልገባም። ቀዳዳዋን የደፈንኩት እኔ ነኝ። መብራቱን ያሳወርኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ለሱ መልስ፣ የኔን ሥራ ውሰድ።»

ካፖ መጀመሪያ አልገባውም፤ መብራቱን አምጥተን ቀዳዳዋን ስናሳየው ግንባሩን ያዘ። ሁልጊዜ የሚያያትን ነገር ዛሬ ያያት መሰለ። ግን ቶሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። «ሌላ ጉም፣ ሌላ ዝናብ» አለ። «ሰይድ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ። ደሴ ስንደርስ መብራት ንጹሕ ከሆነ ቁልፍ የሰይድ ነው። ካልሆነ፣ ሦስታችሁም ደህና ሁኑ።»

የሰይድ እጅ እስኪድን ካሚዮኗን አደስናት። አያ ደምሴ በሥሯ ቀዳዳ ላይ ወደ ኋላ የምትከፈት ትንሽ የቆርቆሮ ከንፈር ጨመሩ፤ ጭቃ እንዳይደፍናት፣ ውሃ ግን እንዲወርድ። ያቺን ከንፈር ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻታለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ነገር እስካሁን አላየሁም። ዘሐራ ደግሞ ቤታቸው ቁጭ ብላ ዱዓ ታደርግ ነበር። ሆዷ ገፍቷል።

የጉም ቀን መጣ። ሰይድ መሪው ላይ፣ ካፖ አጠገቡ። አያ ደምሴን ከኋላ ጭነቱ ላይ ይውጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ። «መብራቱ ዓይኔ ሥር ይሁን» ብለው ከፊተኛው ጎማ በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎው ላይ ወጡና እንደ በቅሎ ተቀመጡበት። እኔም በግራው በኩል ወጣሁ። መኪና ላይ ተሳፍረው የማያውቁ ሰው የመጀመሪያ ቀን ከመኪናው ውጭ ተሳፈሩ። ሰይድ «አያ፣ ኧረ በሞቴ ውስጥ ይግቡ» ቢላቸው «ንዳ» አሉት።

ሐረጎ ላይ ጉሙ መጣ። ዝናቡ ከጎን ይገርፈናል። በሞተሩ ክዳን ላይ ማዶ ለማዶ አያ ደምሴን አያቸዋለሁ፤ የተቃጠለች ኩታቸው በነፋስ ትርገበገባለች፣ በአንድ እጃቸው የመብራቱን አንገት ይዘዋል። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ በእርሳቸው በኩል ያለው መስታወት ከዳሩ መንጣት ጀመረ። እርሳቸውም አይተዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሰይድ ውስጥ ሆኖ መስታወቱ አይታየውም፤ መንገዱን ብቻ ያያል። ጭቃ ጭቃውን እየረገጠ ቀስ ብሎ ይወጣል።

አያ ደምሴ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ከመብራቱ ሥር፣ ከቆርቆሮዋ ከንፈር ላይ አስቀመጡ። ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው አሳዩኝ። አንዲት ጠብታ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላለች፤ የዝናብ አይደለችም፣ ሙቅ ነበረች አሉኝ በኋላ። በሞተሩ ጩኸት መሃል አንድ ነገር ጮሁ፣ አልሰማሁም። መስታወቱ ከመሃሉ ጠራ፣ ወደ ዳሩ እየሰፋ ሄደ፣ ከጉሙ ወጥተን ደሴ ስንገባ አንዲት ነጥብ አልነበረችበትም።

ፒያሳ ላይ ሰው ከቦን ሳቀ። የደሴ ሰው አያ ደምሴን መኪና ላይ፣ ያውም ፓራፋንጎ ላይ አይቶ ዝም አይልም። ካፖ ወረደና መስታወቱን ከፊት አየው፣ ከጎን አየው፣ አጎንብሶ ከሥር አየው። ከዚያ ወደ ሰይድ በር ሄዶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ቁልፉን ነቀለ። ሰይድ አመድ መሰለ። ካፖ ቁልፉን በመዳፉ ላይ ትንሽ አመዛዘነና በሁለት ጣቱ ይዞ ለሰይድ መልሶ ሰጠው። «ዛሬ ሚስማር ላይ አይሰቀልም፣ ቤትህ ውሰድ» አለው። ሰይድ ቁልፉን ይዞ መሬት ላይ ሱጁድ ወረደ፣ ጭቃው ግንባሩ ላይ ቀረ።

«አያ፣ መንገድ ላይ ምን ብለው ነበር የጮሁት?» አልኳቸው።

«ያፈሳል! ነበር ያልኩህ» አሉኝ። ፊታቸው በዝናብ ረጥቦ ይስቁ ነበር። እንዲያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ካፖ እኛ የደፈንናቸውን መብራቶች ሁሉ አስፈትቶ ጋራዡ ውስጥ አስደረደረልን። አያ ደምሴ ወስፌዋን አግለው አንዱን አነሱ፤ ወደ እርሳሱ አስጠጓት፣ መለሷት። እንደገና አስጠጉ፣ እንደገና መለሱ። እጃቸው እምቢ አለቻቸው። ትናንት ሐረጎ ላይ ጠብታዋን ባሳዩኝ በዚያው እጅ ነው። አዘንኩም፣ መሳቅም አማረኝ። በመጨረሻ የወስፌዋን እጀታ ወደኔ አዞሩልኝ።

«እንድሪስ፣ ይችን አንተ ያዝ» አሉኝ። «የኔ እጅ መድፈን ነው የምታውቀው። ያንተ ገና ነች፣ መብሳት ትማርልኝ።»

ተቀበልኳቸውና የመጀመሪያውን በሳሁ።